በባቡር ፓስ አውሮፓን ለመዞር ላላ ያለ ዕቅድ እንዴት ይወጣል?

"ፓሱ ያዋጣል ወይ?" ይሄን የማይጠይቀኝ ሰው የለም። ፓስ ማለት አንዴ ከፍላችሁ በብዙ አገር ባቡር የሚያሳፍራችሁ ቲኬት ነው። ሥራዬ ሒሳብ ስለሆነ አንድ ቁጥር ጠርቼ እንድገላግላቸው ይፈልጋሉ። እኔ ደግሞ ጥያቄውን በጥያቄ ነው የምመልሰው፦ የዛሬ ሦስት ሳምንት ማክሰኞ ጠዋት የት እንደምትሆኑ አሁን ታውቃላችሁ? ካወቃችሁ ፓስ አያስፈልጋችሁም። ቲኬታችሁን ቀደም ብላችሁ ቁረጡ፣ በርካሽ ታገኛላችሁ። ያ ርካሽ ቲኬት ግን ለዚያች ባቡር፣ ለዚያች ሰዓት ብቻ ነው የሚሠራው። ሐሳባችሁን ከቀየራችሁ ገንዘቡም አብሮ ሄደ።

ፓስ ስትገዙ የምትከፍሉት ሐሳብ ለመቀየር መብት ነው። ይህን መብት ገዝታችሁ ስታበቁ እያንዳንዷን ሰዓት ቸንክራችሁ ከሄዳችሁ ግን ሁለት ጊዜ ከሰራችሁ። ስለዚህ ከዚህ በታች የማወራው ስለ ፓሱ ብቻ አይደለም። ዕቅዱ የት ላይ መጥበቅ፣ የት ላይ መላላት እንዳለበት ነው።

መጀመሪያ ስሙን እንለይ። ነዋሪነታችሁ ከአውሮፓ ውጭ ከሆነ የምትገዙት ዩሬይል ይባላል። አውሮፓ ውስጥ በሕጋዊ መንገድ የምትኖሩ ከሆነ ኢንተርሬይል ነው፤ የሌላ አህጉር ፓስፖርት ይዛችሁ ስቶክሆልም ወይም ፍራንክፈርት ብትኖሩም እንደዚያው። ሁለቱም 33 አገሮችን ያዳርሳሉ። ኢንተርሬይል አንድ ገደብ አለው፦ በምትኖሩበት አገር ውስጥ የሚሠራው ለመውጫ አንዴ፣ ለመመለሻ አንዴ ነው።

ቀጥሎ ዓይነቱ። ተከታታይ የሚባለው ከጀመረበት ቀን አንስቶ በየቀኑ ይሠራል። ተሳፈራችሁ አልተሳፈራችሁ ቀኑ ይነጉዳል። ሌላኛው የጉዞ ቀን ቁጥር ያለው ነው፦ በአንድ ወር ውስጥ 4፣ 5 ወይም 7 ቀን፣ አለዚያም በሁለት ወር ውስጥ 10 ወይም 15 ቀን። የእኔ ምርጫ ይሄኛው ነው። ከተማ ስታዩ፣ እግራችሁን ስታሳርፉ፣ ዝናብ ሆቴል ሲያውላችሁ ፓሱ አይቆጥርባችሁም። ባቡር በተሳፈራችሁበት ቀን ብቻ አንድ ይቀነሳል። በዚያ ቀን ደግሞ በአውሮፓ ሰዓት ከ00፡00 እስከ 23፡59 የፈለጋችሁትን ያህል ባቡር መቀያየር ትችላላችሁ። ዕድሜው እስከ 27 ለሆነ የወጣት ዋጋ አለ። 60 ለሞላው 10 በመቶ ይቀነስለታል። ከ4 እስከ 11 ዓመት ያሉ ልጆች ነፃ ናቸው፤ አንድ አዋቂ ሁለት ልጅ ይዞ ይሄዳል። ነፃም ቢሆን የልጆቹ ፓስ ከአዋቂው ጋር አብሮ መውጣት እንዳለበት አትርሱ። አንደኛ ማዕረግ ይቅርባችሁ። ሁለተኛው ይበቃል፣ መስኮቱም ያው መስኮት ነው።

አሁን ሒሳቡ። የፓሱን ዋጋ ለጉዞ ቀኖቹ አካፍሉት። ለምሳሌ 5 ቀን የሚያስኬድ ፓስ 300 ዩሮ ነው እንበል። አንዱ ቀን 60 ዩሮ ወጣበት ማለት ነው። አሁን ልትሄዱበት ያሰባችሁትን መንገድ ቲኬት እዚያው ጣቢያ፣ የዕለቱን በዕለቱ ብትቆርጡት ስንት እንደሆነ እዩ። ከ60 በታች ከሆነ ፓሱን አትንኩት፣ ቲኬቱን ግዙ። ከበለጠ ፓሱን አውጡ። ሰው ቀን የሚያቃጥለው እዚህ ጋ ነው። ሃያ ደቂቃ ለማይሞላ መንገድ ፓሱን ይነካና መጨረሻ ላይ ለረጅሙ መንገድ ቀን ያጣል። ሉክሰምበርግ ውስጥ እንዲያውም ከእነጭራሹ ፓስ አታውጡ፤ እዚያ እ.ኤ.አ. ከ2020 ጀምሮ ባቡሩም አውቶቡሱም ትራሙም ለማንም ሰው ነፃ ነው። የከተማ ሜትሮና ትራም በፓሱ ውስጥ እንደማይገባም ልብ በሉ።

ይሄ ማካፈል ከአውሮፓ ውጭም ይሠራል። የጃፓኑ ጄአር ፓስ የ7 ቀኑ 29,650 የን ነበር። እ.ኤ.አ. ከኦክቶበር 2023 ጀምሮ 50,000 የን ገባ። ከቶኪዮ ኪዮቶ ደርሶ መልስ በፈጣኑ ባቡር 28,000 የን አካባቢ ነው። ድሮ ዓይን ጨፍኖ የሚገዛው ሰው ዛሬ ካልኩሌተር ማውጣት አለበት።

ወደ አውሮፓ ልመለስ፤ ዋናው ነገር እዚህ ላይ ነው። ፓስ ስላላችሁ ሁሉም ባቡር ላይ ዘው ብላችሁ አትገቡም። በእኔ ጭንቅላት አውሮፓ ለሁለት ተከፍላለች፦ ዝም ብለህ ግባ የሚባልበት እና መጀመሪያ ወንበር ያዝ የሚባልበት። ጀርመን፣ ኦስትሪያ፣ ስዊዘርላንድ፣ ኔዘርላንድስ፣ ቤልጂየም፣ ዴንማርክ፣ ቼክ በአብዛኛው የመጀመሪያው ወገን ናቸው። ጀርመን ውስጥ በአይሲኢ፣ በፈጣኑ ባቡር እንኳ፣ አገር ውስጥ ስትጓዙ ወንበር ማስያዝ ግዴታ አይደለም። ፈረንሳይ በፈጣን ባቡሯ በቴጄቬ፣ ጣሊያን በፍሬቻሮሳ፣ ስፔን በአቬ፣ እንዲሁም የለንደኑ ዩሮስታር ሁለተኛው ወገን ናቸው። የሌሊት ባቡሮችም ማለት ይቻላል ሁሉም እዚህ ይገባሉ። እነዚህ ላይ ከፓሱ ሌላ የወንበር ማስያዣ ትከፍላላችሁ። ለቴጄቬና ለፍሬቻሮሳ ከ10 እስከ 20 ዩሮ አካባቢ ነው፤ ዩሮስታር 30ን ያልፋል። ገንዘቡስ ይሁን። የሚያስቸግረው ለፓስ ያዥ የሚመደበው ወንበር ውስን መሆኑ ነው። በተለይ ዩሮስታር ላይ ባቡሩ ቦታ እያለው የፓስ ኮታው ሊያልቅ ይችላል።

እንግዲህ ላላ ያለ ጉዞ ከፈለጋችሁ ቀኖቻችሁን በብዛት በመጀመሪያው ወገን አሳልፉ። ሁለተኛው ወገን ውስጥ ስትገቡ ደግሞ ቀስ የሚሉትን ፈልጉ። የጣሊያን ሬጆናሌ እና የፈረንሳይ ቴኧር ማስያዣ አይጠይቁም። ከፍሎረንስ ፒሳ፣ ከቬኒስ ቬሮና በሬጆናሌ ነው። ከኒስ ሞናኮን አልፎ ቬንቲሚሊያ ድረስ ባሕሩን እየታከከ የሚሄደው ደግሞ ቴኧር ነው። ይሄኛውን መስመር በፈጣን ባቡር ላድርገው የሚል ሰው ካለ ባሕሩን አልወደደውም ማለት ነው።

አንድ ምሳሌ አብረን እናውጣ። ከኮሎኝ ገብታችሁ ከሮም ትወጣላችሁ እንበል። ኮሎኝ፣ የራይን ሸለቆ፣ ማይንትስ፣ ባዝል፣ ዙሪክ፣ ኩር፣ ቲራኖ፣ ሚላኖ፣ ሮም። ከዚህ ሁሉ መንገድ ወንበር ማስያዝ የግድ የሚሆነው ከሚላኖ ሮም ያለው ብቻ ነው፤ በፍሬቻሮሳ ሦስት ሰዓት አካባቢ ይፈጃል። ስለዚህ የምትቸነክሩት የመግቢያውን አውሮፕላን፣ ይህቺን አንድ ባቡርና የመውጫውን አውሮፕላን ነው። መሃሉ ክፍት ይሁን። አልጋ ስትይዙም እስከ ዋዜማው ድረስ ያለ ቅጣት የሚሰረዘውን ምረጡ፤ ትንሽ ይወደዳል፣ ግን ላላ ያለ ባቡር ይዞ የማይነቃነቅ ሆቴል መያዝ ትርጉም የለውም። ልዩ የሚሆነው ከተማው በዓል ላይ ከሆነ ነው። በፈረንጆቹ ሴፕቴምበር መጨረሻ ሙኒክ ኦክቶበርፌስት ላይ ስለምትሆን እዚያ ያኔ "ደርሼ እፈልጋለሁ" ማለት አይሠራም።

በየቀኑ ሻንጣ አትጎትቱ። ዙሪያው መስመር የበዛበት ከተማ ላይ ሁለት ሦስት ሌሊት እደሩና ከዚያ እየወጣችሁ ተመለሱ። ኮብሌንትስ ለዚህ ትመቻለች። ራይንና ሞዝል ወንዞች የሚገናኙት እዚያ ነው፣ በሁለቱም ሸለቆ ባቡር አለ።

የራይኑን መስመር ካነሳሁ አክስቴን ሳልጠቅስ አላልፍም። ስልሳን ስላለፈች ያቺን 10 በመቶ ቅናሽ አግኝታበታለች። ከኮብሌንትስ ወደ ማይንትስ በየመንደሩ የሚቆመውን ባቡር ይዘን ነበር። በስተግራ ወንዙ፣ ከወንዙ ማዶ ኮረብታው ላይ ግንብ፣ ሌላ ግንብ፣ ሌላ ግንብ። የሎረላይ ቋጥኝ አለፈ፣ 132 ሜትር ቀጥ ብሎ የቆመ ድንጋይ ነው፣ እሷ ዝም። ኦበርቬዘልን አልፈን ትንሽ እንደሄድን ግን ወንዙ መሃል አንድ ነጭ ግንብ ብቅ አለ፣ መርከብ መስሎ።

"አንተ ልጅ፣ ይሄ ሰውዬ ውሃ መሃል ቤት የሠራው ምን ፈልጎ ነው?"

"ቀረጥ ሊሰበስብ ነው እቴቴ። መርከብ ሲያልፍ ያስከፍሉ ነበር።"

"እንውረድ!"

ፋልትስግራፈንሽታይን ይባላል፤ እ.ኤ.አ. 1327 አካባቢ የተጀመረ የቀረጥ ኬላ ነው። ቀጣዩ ጣቢያ ባካራህ ነበር፣ ወረድን። የድሮ የእንጨትና የጭቃ ቤቶች፣ የከተማ ግንብ፣ ከላዩ የወይን እርሻ። እግሯ እስኪዝል ዞረች፣ ቡና ጠጣች፣ ከዚያ ቀጣዩን ባቡር ይዘን ሄድን። በቲኬት ብንሆን ኖሮ ቁጭ ብዬ የቲኬቱን ደንብ ሳነብ ባካራህ ባለፈች ነበር። እዚህ መስመር ላይ ቀርፋፋው ባቡር በየሰዓቱ ስላለ አንዱን መልቀቅ ችግር የለውም። ወርዳችሁ ለማየት ስታስቡ መጀመሪያ የምታዩት ይህንኑ ነው፦ ቀጣዩ ባቡር መቼ ነው? በየሰዓቱ ከሆነ ውረዱ። በቀን ሁለቴ ከሆነ ፎቶ አንሱና እለፉ።

የጉዞው ጌጥ ግን ከኩር ቲራኖ ያለው የስዊዘርላንድ ተራራ ነው። እዚህ ላይ ቱሪስት ሁሉ የሚሻማው ቤርኒና ኤክስፕረስ የሚባለውን ባለ ትልቅ መስታወት ባቡር ነው። እሱ ወንበር ማስያዝ ይጠይቃል፣ ክፍያም አለው፣ ቀድሞም ያልቃል። ማንም የማይጮህለት ነገር አለ፦ ተራው ባቡር በዚያው ሐዲድ ላይ ነው የሚሄደው። ያው ድልድይ፣ ያው በረዶ፣ ያው ሐይቅ። ማስያዣ የለውም፣ ፓሱ ይበቃዋል፣ አንዳንድ ፉርጎዎቹ ላይ መስኮት ይከፈታል። ለፎቶ ከመስታወት ነጸብራቅ ጋር አትታገሉም። መሃል ላይ አንዴ መቀየር ሊኖርባችሁ ይችላል፣ በቃ።

ከኩር ስትነሱ በጉዞ አቅጣጫ በስተቀኝ ተቀመጡ። ፊሊዙር ከመድረሳችሁ በፊት ላንድቫሰር ድልድይ ይመጣል። 65 ሜትር ከፍታ ላይ እየተጠማዘዘ ሄዶ በቀጥታ ገደሉ ፊት ላይ ባለ ዋሻ ውስጥ ይገባል። ከኋላ ፉርጎ ከሆናችሁ የራሳችሁ ባቡር አፍንጫ ተራራው ውስጥ ሲሰምጥ ታያላችሁ። ከዚያ ሽቅብ ወደ ኦስፒትስዮ ቤርኒና፣ 2,253 ሜትር። ጥርስ ያለው ሐዲድ ሳይኖረው ይህን ዳገት በመንኮራኩሩ ብቻ የሚወጣ ባቡር ነው። ከጫፉ በኋላ ያለው ጣቢያ አልፕ ግሩም ነው፣ ቀኑ ብሩህ ከሆነ እዚያ ውረዱና አንድ ባቡር አሳልፉ። ወደ ጣሊያን ቁልቁል ስትወርዱ ብሩዚዮ ላይ ሐዲዱ ሜዳ ላይ ክብ ሠርቶ በራሱ ሥር ያልፋል። ቲራኖ 429 ሜትር ላይ ናት። በረዶ አይታችሁ ሳትጨርሱ ጃኬት ታወልቃላችሁ። ከዚያ የሚላኖው ባቡር የኮሞ ሐይቅን ዳር ይዞ ይወርዳል፤ እሱም ማስያዣ የለውም። ይህን ሁሉ በአንድ የጉዞ ቀን መጨረስ ይቻላል። ጉም ካለ ግን አትሂዱ፤ አንድ ሌሊት ኩር ጨምሩና በማግስቱ ሞክሩ። የተራራ ቀንን አስቀድሞ በቀን መቸንከር ከሁሉም የከፋ ዕቅድ ነው።

የምትሄዱት ስዊዘርላንድ ብቻ ከሆነ ደግሞ የአገሩን የራሱን ስዊስ ትራቭል ፓስ አወዳድሩ። አውቶቡሱን፣ የሐይቅ ጀልባውን፣ የከተማ ትራሙንና ከ500 በላይ ሙዚየሞችን ይጨምራል።

ስለ ሌሊት ባቡር አጭር ነገር። ከእኩለ ሌሊት በፊት ተሳፍራችሁ፣ ከእኩለ ሌሊት በኋላ ባቡር ካልቀየራችሁ የሚቆጠረው የተነሳችሁበት ቀን ብቻ ነው። ከቪየና ቬኒስ በናይትጄት ስትሄዱ አንድ ቀን ተቆጠረ፣ አንድ የሆቴል ሌሊትም ተረፈ። አልጋው ግን ቀድሞ ስለሚያልቅ ይሄ ከሚቸነከሩት ወገን ነው። በወንበር ላይ ብቻ ማደርን አልመክርም። ጠዋት ቬኒስ ደርሳችሁ ሁሉን ነገር በእንቅልፍ ልብ ነው የምታዩት።

ፓሱ ዛሬ ስልክ ውስጥ ነው ያለው፣ ሬይል ፕላነር በሚባል አፕ። ከገዛችሁ በኋላ 11 ወር ድረስ ሳታስጀምሩት ማቆየት ስለምትችሉ ቅናሽ ሲወጣ ገዝቶ ማስቀመጥ ይቻላል። የምትሳፈሩባትን እያንዳንዷን ባቡር ከመሳፈራችሁ በፊት አፑ ላይ ታስገባላችሁ፣ ከዚያ ተቆጣጣሪው የሚያነበው ኮድ ይወጣል። ከባካራህ ስንነሳ እኔም ፕላትፎርሙ ላይ ቆሜ ያደረግሁት ይህንኑ ነው፤ ደቂቃ አይፈጅም። ተቆጣጣሪው ሲመጣ ለማስገባት መሞከር ግን ቅጣት ሊያስከትል ይችላል። አፑ ቢያንስ በሦስት ቀን አንዴ ኢንተርኔት ማግኘት አለበት። ፓወር ባንክ ያዙ። ስልኩ ሞተ ማለት ቲኬት የለም ማለት ነው። ፓስፖርታችሁም አጠገባችሁ ይሁን፣ ሊጠይቁ ይችላሉ።

ባቡር ስትቀይሩ አፑ "7 ደቂቃ ይበቃል" ሲላችሁ አትመኑት። ጀርመን ውስጥ ባቡር መዘግየቱ የታወቀ ነው። ከሰባቱ ደቂቃ አምስቱ መንገድ ላይ ይቀራሉ። ሃያ ሠላሳ ደቂቃ ስጡት፣ የቀኑን የመጨረሻ ባቡር ደግሞ በፍጹም ዕቅድ አታድርጉት። አይሲኢ ውስጥ ከወንበሩ በላይ ትንሽ ስክሪን አለች። የሁለት ከተማ ስም ከተጻፈባት ወንበሩ በዚያ መሃል ተይዟል። እናንተ ከዚያ በፊት የምትወርዱ ከሆነ ቁጭ በሉ፣ ችግር የለውም። አንዳንድ ባቡር ደግሞ መንገድ ላይ ለሁለት ተቆርጦ ግማሹ ወደ ሌላ ከተማ ይሄዳል። ከመግባታችሁ በፊት የፉርጎውን በር አጠገብ ያለውን ጽሑፍ እዩ፣ ባቡሩን ብቻ ሳይሆን።

ቪዛ ለሚያስፈልገው ሰው አንድ ትልቅ ጉዳይ አለ። የፓሱ 33 አገሮች እና በአንድ ቪዛ የሚገባባቸው የሼንገን አገሮች አንድ አይደሉም። ብሪታንያ፣ አየርላንድ፣ ቱርክ፣ ሰርቢያ፣ ቦስኒያ፣ ሞንቴኔግሮና ሰሜን መቄዶንያ በፓሱ ውስጥ አሉ፣ በሼንገን ውስጥ ግን የሉም። ቪዛችሁ የአንድ ጊዜ መግቢያ ከሆነ ቤልግሬድን ለማየት ወጣ ብላችሁ መመለስ አትችሉም። አንዳንዶቹ የራሳቸውን ቪዛም ይጠይቃሉ። ማመልከቻው ላይ የጉዞ ዕቅድ ስለሚጠየቅ ብዙ ሌሊት የምታድሩበትን አገር ለዩና እዚያው አመልክቱ። ያንን አገር በትክክል ዋና ማረፊያችሁ አድርጉት። ልልነታችሁ በከተሞቹ መካከል ይሁን። ሮማንያና ቡልጋሪያ እ.ኤ.አ. ከ2025 ጀምሮ ሙሉ በሙሉ ሼንገን ውስጥ ስለገቡ የድሮ ካርታ ይዞ የሚመክራችሁን ሰው አትስሙ።

በአውሮፕላናችሁ ቀን ረጅም ባቡር አታድርጉ፤ ዋዜማውን እዚያው ከተማ እደሩ። ለዚህ ሲባል ከፓሱ ቀን አንድ ሳይነካ ቢተርፍ አይክፋችሁ። መጨረሻ ላይ ቪየና ከሆናችሁ ደግሞ ለተረፈው ቀን ጥሩ ሥራ አለ። ጠዋት የግራትሱን ባቡር ያዙ፣ በሰመሪንግ በኩል የሚያልፈውን። እ.ኤ.አ. በ1854 የተጠናቀቀ የተራራ ሐዲድ ነው፣ ባለ ሁለት ፎቅ የድንጋይ ድልድዮቹ ዛሬም ባቡር ይሸከማሉ። ግራትስ ሁለት ሰዓት ተኩል አካባቢ ነው። ምሳ ብሉና ማታ ተመለሱ፣ ስትመለሱ ሌላኛው ጎን ተቀመጡ።